«ወለምታ ብቻ ነው» ብዬ የተሳሳትኩበት ቀን

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። ታሪኩ የእህቴ ልጅ ነው፤ ስህተቱ ግን የእኔ ነው። እሱም እናቱም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ያደግሁት ወላይታ፣ ቦምቤ ነው። እህቴ አሁንም እዚያው ትኖራለች። ልጇ 15 ዓመቱ ነው፤ ኳስ ካለ ምሳም አያስታውስ። አይፈረድበትም። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ ትንሽ ልጅ ነበር፤ ያንን ወሬ እየሰማ ነው ያደገው።

አምና ክረምት ሊገባ ሲል ኳስ ሲጫወት ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈበት። ቁርጭምጭሚቱ በውጭ በኩል አበጠ፣ በለዘ። እህቴ ደወለችልኝ። ኤክስሬይ እንዲነሳ አደረግን፤ ስብራት አልነበረም። እኔም በስልክ «አይዞሽ፣ ወለምታ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ይረፍ፣ ይድናል» አልኳት። ዛሬ ይህን የምታስጽፈኝ ያቺ «ብቻ» ያልኳት ቃል ናት።

ልጁ ሦስት ሳምንት አረፈ። እብጠቱ ጠፋ፣ ሕመሙም ተወው፣ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ወር ሳይሞላው ያው እግር እንደገና ወለም አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደርስበት ኳስ እንኳ እየተጫወተ አልነበረም፤ ውኃ ቀድቶ፣ ጀሪካን ይዞ ጭቃ መንገድ እየወረደ ነበር። እናቱ «አጥንቱ ልል ነው መሰለኝ» አለች። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። ጓደኞቹ ደግሞ ፈሪ አሉት።

መስከረም ላይ ጊፋታን ለማክበር ቦምቤ ሄድኩ። በሜዳው በኩል ሳልፍ ልጆቹ ይራወጣሉ፤ የእህቴ ልጅ ዳር ተቀምጦ የጓደኞቹን ልብስ ይጠብቃል።

«ለምን አትጫወትም?» አልኩት።

«አጎቴ፣ እግሬን አላምነውም» አለኝ።

እኛ ሐኪሞች ብዙ ገጽ የምንጽፍበትን ችግር ልጁ በሁለት ቃል ነገረኝ። ስሙ የቁርጭምጭሚት አለመጽናት ነው፤ እግር ሳይታሰብ ይከዳል፣ ደጋግሞ ወለም ይላል።

ቤት እንደገባን እናቱ ፊት «በግራ እግርህ ብቻ ቁም» አልኩት። ሠላሳ ሰከንድ ያለ ችግር ቆመ። «አሁን በቀኙ» አልኩት። አምስት ሰከንድ ሳይሞላ እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። ዓይኑን እንዲጨፍን ስነግረው ደግሞ ሁለት ቆጥሬ ሳልጨርስ ግድግዳውን ያዘ። እህቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ ግን «ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ዶክተር ተብለህ ያኔ በስልክ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወላጆች፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በቁርጭምጭሚት ውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙ ሦስት ጅማቶች አሉ። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ያለው ይለጠጣል ወይም ይበጠሳል። ጅማት ግን ገመድ ብቻ አይደለም። «እግሩ አሁን በዚህ በኩል እያዘነበለ ነው» ብለው ለአንጎል የሚናገሩ የነርቭ ጫፎች አሉበት። ጅማት ሲጎዳ ይህ መልእክትም ይዛባል፤ እግርን ቶሎ ስበው የሚያቃኑት ጡንቻዎችም ይደክማሉ፣ ይዘገያሉ። ዕረፍት እብጠቱን ያጠፋል፤ መልእክቱን ግን አይመልስም። ኤክስሬይም አጥንትን እንጂ ይህን አያሳይም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ማይክል ፍሪማንና ባልደረቦቹ እግራቸው የሚከዳቸው ሰዎች በተጎዳው እግር ብቻ ሲቆሙ ሚዛናቸውን እንደሚያጡ፣ የሚዛን ልምምድም እንደሚረዳቸው የጻፉት በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። በአየርላንድ፣ ደብሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ወለም ብሏቸው ድንገተኛ ክፍል የመጡ ሰዎችን የተከታተለ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ከዓመት በኋላ ከ100ው 40 ያህሉ እግራቸው እንዳልጸና አሳይቷል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ አጥንቱ ልል ስለሆነ፣ ወይም ዓይን ስለበላው አይደለም። ሕክምናውን ግማሽ ላይ አቁመንበት ነው።

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በኔዘርላንድ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። ወለም ብሏቸው የነበሩ 522 ስፖርተኞች በሁለት ተከፈሉ። ሁሉም የተለመደውን ሕክምና አገኙ፤ አንደኛው ቡድን ግን በተጨማሪ ቤቱ ሆኖ፣ ባለሙያ ሳያቆም፣ ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚዛን ልምምድ ሠራ። በዓመቱ ውስጥ ልምምድ ካልሠሩት ከ100ው 33ቱ እንደገና ወለም አላቸው፤ ከሠሩት ግን 22ቱ። ልምምዱ ሁሉንም አያድንም፤ ገንዘብ ለማይጠይቅ ነገር ግን ትልቅ ልዩነት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየቀበሌው በሌለበት አገር፣ በገዛ ደጃችን የሚሠራ መድኃኒት ማለት ነው።

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት ይህን ነው። የሚጀመረው ሳያነክሱ መራመድ ሲቻል ነው፤ ሲሠራም ግድግዳ አጠገብ ይሁን።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ መቆም፣ እየተረፈ አምስት ጊዜ። ሲቀለው ዓይን ጨፍኖ። በሁለቱም እግር ቆሞ ተረከዝን ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ፣ 15 ጊዜ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በአንድ እግር መቆም። ከብስክሌት ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ እግር ላይ አስሮ፣ እግርን ወደ ውጭ መግፋት።

ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው በአንድ እግር ቆሞ ኳስ መቀባበል፣ ቀስ እያሉ በአንድ እግር ወደ ፊትና ወደ ጎን መዝለል። ሩጫም በቀጥታ ተጀምሮ፣ ከዚያ ወደ መታጠፍ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ጨዋታ።

ካመመው ወይም ካበጠ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ሜዳ የሚመልሰው የቀን ቁጥር ሳይሆን እግሩ ነው፤ በተጎዳው እግር እንደ ጤነኛው መቆምና ዘሎ ማረፍ ሲችል።

ወለምታው ትኩስ ሲሆንስ? እግሩን ከፍ አድርጉ፣ በላስቲክ ፋሻ ሳታጠብቁ ጠቅልሉ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል ደጋግማችሁ ያዙት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሸት፣ መጎተትና በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ እብጠቱን ያብሳል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፤ እኔም በልጅነቴ በእጃቸው አልፌያለሁ። ግን በቀርከሃ ወይም በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱና ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካልቻለ፣ የቁርጭምጭሚቱ እብጥ አጥንቶች ሲነኩ በጣም ካመሙት፣ ወይም እግሩ ቅርጹን ከቀየረ ስብራት ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። ልጆች ላይ የአጥንት ማደጊያው ክፍል ተጎድቶ ኤክስሬይ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አጥንቱ ላይ ያለው ሕመም ካልለቀቀ ደግማችሁ አምጡት። በሳምንታት ልምምድ ያልተሻለው ደግሞ የአጥንት ሐኪም ይየው፤ ጥቂቶች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ዝም ብሎ ዓመታት መቆየት ግን መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

የእህቴ ልጅ ስምንቱን ሳምንት ጨረሰ። ሰከንዱን የምትቆጥርለት እናቱ ነበረች፤ ቡና እየቆላች። አንዳንድ ቀን ሰልችቶት እንደዘለለም ነግራኛለች። ኅዳር ላይ መሮጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ትንሽ ወለም ብሎት ሁለት ቀን አነከሰ፤ አሁንም ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱን ይጠቀልላል። በጥር ስደውል ግን እህቴ «የለም፣ ሜዳ ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ለታካሚዎቼ «ኤክስሬዩ ደህና ነው» ካልኩ በኋላ አልሰናበትም። «ተነስና በአንድ እግር ቁም» እላለሁ።

እናንተም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን በአንድ እግር አቁሙአቸው። አንዱ እግር ከሌላው በጣም ቀድሞ ከተንገዳገደ፣ ከዚህ በፊት ወለም ብሎት እንደሆነ ጠይቁት። ይህንን ጽሑፍ ለኳስ አሠልጣኞችና ለስፖርት መምህራን አካፍሉ።