ጉንዳኑ ምን ሊሠራ ወጣ?

ለቡ የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ የጥድ አጥራቸው ሲደርቅ መጀመሪያ የጠረጠሩት ውኃ ማነስ ነው፤ ቀጥሎ የሰፈሩን ውሾች፣ በመጨረሻም የሰው ዓይን። እኔ ግን የጉንዳኖቹን ሰልፍ ተከተልኩ። ጉንዳን ያለ ጥቅም ዛፍ ላይ አይወጣማ!

ቅርንጫፉን ገለጥ ሳደርገው ውጩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ድርቅ ያለ ነው። ክሽክሽ የሚባል፣ ከልጡ የማይለይ ቡናማ ተባይ ተለጥፎ ጭማቂውን ይመጥጣል። የሚያጣብቅ ጣፋጭ ፈሳሽ ይተፋል፤ ጉንዳኑ የሚመላለሰው ለዚያ ነው። በፈሳሹ ላይ ደግሞ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ በቅሎበታል።

"እኔን ብቻ ነው የመረጠኝ?" አሉ።

"ኧረ እትዬ! እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ኬንያ ገብቶ ስንቱን የጥድ ደን ፈጅቷል። ማላዊዎች ክሽክሹን የምትገድል ደቃቅ ተርብ ከአውሮፓ አስመጥተው ለቀቁበት።"

"እኔ ተርብ ከየት ላምጣ ልጄ?"

"ተርቧ ትቅርብዎ። ሳሙና በውኃ በጥብጠን፣ እስከ ውስጡ ድረስ እንርጨው።"

"የማላታይን መርዝ አይሻልም?"

"እሱ ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎች ጭምር ይጨርሳል።" (ደግሞም ልጆች የሚጫወቱበት አጥር ነው።)

"የደረቀውስ ይለመልማል?"

የጥድ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ያለቀ እንጨት አያቆጠቁጥም፤ ክፍተቱ ክፍተት ሆኖ ይቀራል። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣

"እንግዲያው ቀጋ እተክልበታለሁ" አሉ። "ዓይን ያለውንም ይወጋልኛል።"