«ዛሬ ይቅር»

ፎገራ ሜዳ ላይ ሆኜ አውሮፕላን ሲያልፍ ባየሁ ቁጥር የማስታውሰው አንድ ጨዋታ አለ። ያጫወተኝ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ የተዋወቅሁት፣ በትንሽ አውሮፕላን አገልጋዮችንና በሽተኞችን ሲያመላልስ የኖረ ወንድም ነው። «የእኛ አደጋ ብዙውን ጊዜ ስናርፍ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ መሬቱ ቅርብ ነው፤ ስህተት የሚታረምበት ከፍታ የለም። ነፋስ ከጎን ይገፋል። ፈጥኖ የመጣ አውሮፕላን ጎማው መሬት ነክቶ ይነጥራል፤ አብራሪው ደንግጦ አፍንጫውን ወደ ታች ሲጫን የፊተኛው ጎማ ይሰበራል። ፍጥነቱ ከመጠን በላይ ከቀነሰ ደግሞ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል።

መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። አመጣጡ ካላማረ ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ፣ ሳያርፉ ተነሥቶ፣ ዞሮ እንደገና መምጣት። «ታዲያ ለምን አይዞሩም?» አልሁት። ሳቀና «ሰው ታች ቆሞ እያየህ?» አለኝ።

በ1923 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ቀደም ብሎ፣ ከአሜሪካ የመጣው ሁበርት ጁሊያን በልምምድ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ጅፕሲ ሞዝ የተባለች ትንሽ አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሳት። እርሱ ተረፈ፤ ከአገር ግን እንዲወጣ ተደረገ። ጉረኛ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጆን ሮቢንሰንን ግን ምን እንበለው? በጣልያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የበረረ፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ አብራሪዎቻችንን ያሠለጠነ ሰው ነው። እርሱም በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶ፣ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ለታማሚ ደም ለማድረስ ይበር ነበር ይባላል። ችሎታም ቅን አሳብም መሬቱን አያለሰልሱም።

እኔ አውሮፕላን አላበርም። የእኔ ማረፊያ ርብ ወንዝ ነበር።

ከዓመታት በፊት በሐምሌ መጀመሪያ አሥራ አንድ ሰዎች ለውሃ ጥምቀት ተዘጋጁ። እንግዶች ከጎንደርና ከባሕር ዳር መጥተዋል፤ በግ ታርዷል፤ ነጭ ልብስ ተሰፍቷል። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ደፍርሷል። ርብ ዳር ያረጁ አንድ አባት ጠጋ ብለው «ፓስተር፣ ጉና ላይ ዘንቧል፤ ዛሬ ይቅር» አሉኝ። እኔ ስለ እምነት ጥቅስ ጠቀስሁላቸው። የሐዋርያት ሥራ 27ን በኮሌጅ ተፈትኜበታለሁ፤ ጳውሎስ ጉዞው ይቅር ሲል የመቶ አለቃው የመርከቡን መሪና ባለቤቱን እንደ ሰማ አውቃለሁ። በዚያ ቀን የመቶ አለቃው እኔ ነበርሁ።

አራተኛዋ ተጠማቂ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከውሃው ሳወጣት እግሬ ከዳኝ፤ ጎርፉ ሁለታችንንም ወሰደን። ቁጥቋጦ ለመያዝ ብዬ እጇን ለቀቅሁ። እርሷን ወጣቶቹ ከታች በጠፍር አወጧት፤ ትንፋሿ ቆይቶ መጣ።

ጉባኤው ያን ቀን የጌታ ማዳን ብሎ ይመሰክራል። እኔም አሜን እላለሁ፤ ማዳኑ እውነት ነውና። እጇን መልቀቄን ግን ማንም አያነሣም።

እርሷ ከዚያ ወዲህ ወደ ጸሎት ቤት አልመጣችም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርቼ ቆይቼ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ፓስተር፣ በወንዙ አልተቀየምሁም» አለችኝ። «አባባ ሲነግሩዎት ሰምቼ ነበር። እርስዎ ስለ ገቡ ነው የገባሁት።»

ዘንድሮም ተጠማቂዎች ሰኔ ላይ ተዘጋጁ። እኒያ አባት አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ዐይናቸውም ደክሟል። ክንዳቸውን ይዤ ወንዙ ዳር አደረስኋቸው። ከውሃው በእፍኛቸው ዘገኑ፤ ደለሉን በጣታቸው አሻሹት።

«ይቅር» አሉ።

እንግዶቹን ምሳ አብልተን ሸኘናቸው።