ከባሕር ርቀው ያረፉ ባሕረኞች

ኢትዮጵያ ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ነገር አይደለም። ሰሞኑን ስለ ሞቱ ሰርጓጅ መርከበኞች መታሰቢያ ሳወራ አንድ ወዳጄ ሳቀብኝ። ባሕር የሌለው አገር፣ ያውም ደንና ቡና መሐል የተቀመጠችው የኛዋ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚህ ወሬ ጋር ምን አገናኘው ነው ነገሩ። ቢስቅ አልፈርድበትም። እኔን የያዘኝ ግን የሟቾቹ ጉዳይ ነበር።

አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 52 ሰርጓጅ መርከቦችና ከ3,500 በላይ ሰዎች አጥተዋል። ከእነዚህ አብዛኞቹ መቃብር የላቸውም፤ አንዳንዶቹ መርከቦች የት እንደሰጠሙ እንኳ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሕይወት ያሉት የሙያ ባልደረቦቻቸው ግን በየጊዜው ይሰበሰቡና የጠፉትን መርከቦች ስም አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ስም ደወል ይመታል። ሰርጓጅ መርከበኛው በሰላም ጊዜ አርጅቶ አልጋው ላይ ቢሞትም የሚታሰበው ከነመርከቡ ነው። እገሌ፣ በእገሊት መርከብ ላይ፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት።

ያን ቁጥር ሳይ የኛው ትዝ አለኝ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1991 ሲበተን በጠቅላላው የነበረው ሰው ወደ 3,500 ይጠጋ ነበር። እነሱ የጠፉባቸውን ያህል ሰው ማለት ነው እኛ ጠቅላላ የነበረን። የእነሱ ስም በደወል ይጠራል። የኛዎቹ ስም በአንድ ቦታ ተዘርዝሮ ሲነበብ ግን እኔ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

ታሪኩን ለወጣቶቹ ባጭሩ ልንገራቸው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ ጠረፍ አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሕር ኃይሉ ተቋቋመ። ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሆነ። ያደራጁትና ያሠለጠኑት በአብዛኛው የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ፤ ከካዴቶቹ አንዳንዱ እንግሊዝ፣ አንዳንዱ ጣሊያን ድረስ ሄዶ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በጥር 1962 አሜሪካ "ኦርካ" የተባለች መርከቧን ሰጠች። በጦርነቱ ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የባሕር አውሮፕላኖችን ስታገለግል የኖረች፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም መርከብ ናት። ስሟ ተቀይሮ "ኢትዮጵያ" ተባለች፤ የካዴቶች ማሠልጠኛም የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብም ሆና ሠላሳ ዓመት ያህል አገለገለች። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ጃንሆይ ምጽዋ ይወርዱ ነበር፤ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለበዓሉ ይመጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አያስደስትም። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የጃንሆይ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት አንዱ ናቸው። ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት አዞረ፤ ካዴቱም ሌኒንግራድና ባኩ መሄድ ጀመረ፤ የሚሳይል ጀልባዎችና ሁለት ፍሪጌቶች መጡ። ዳህላክ ደሴቶች ላይ፣ ኖኩራ፣ ሶቪየቶች የጥገና ሰፈር አቋቋሙ። ተንሳፋፊ የመጠገኛ ዶክ ነበራቸው፤ በኑክሌር የሚሠሩ ሰርጓጅ መርከቦቻቸውም እዚያ እየቆሙ ያልፉ ነበር። የኛ ባሕረኞች ሰርጓጅ መርከብ በቅርብ ካዩ ያዩት እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሰርጓጅ መርከብ ባይኖረንም ስማችን ባሕር ሥር ገብቷል። ጣሊያን ወረራዋን ለማክበር ብላ ለሠራቻቸው ሰርጓጅ መርከቦች የኛን አገር ቦታዎች ስም አወጣችላቸው፤ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተንቤን፣ ነገሌ፣ አሸንጌ፣ አላጄ፣ መቀሌ። የዚህ ዓይነቶቹ 17 ነበሩ፤ ከጦርነቱ የተረፈችው አላጄ ብቻ ናት። "መቀሌ" ገና ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ በገባች በሳምንቱ፣ ሰኔ 1940 እ.ኤ.አ.፣ ከምጽዋ ወጥታ ቀይ ባሕር ላይ ድንጋይ ላይ ወጣች። ከማቀዝቀዣው የሚያፈስ መርዛማ ጋዝ መርከበኞቹን አእምሯቸውን አስቷቸው ነበር። "ነገሌ" እና "አድዋ" ከነሰዎቻቸው ሰጠሙ። እነዚያ የጣሊያን ልጆች አገራችንን ለመውረር የዘመተው መንግሥት ወታደሮች ናቸው፤ ቢሆንም የእያንዳንዱ ስም አገሩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የተሸነፈው፣ ያውም በክፉ ዓላማ የዘመተው ወገን ሙታኑን ከነስማቸው ሲይዝ የኛ ዝምታ ይከብደኛል።

የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። ጦርነቱ ሦስት ቀን ያህል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከተማዋ በአየር ተደበደበች። የሞተው ባሕረኛ ብቻ አይደለም፤ እግረኛ ወታደርም፣ ታጋይም፣ የምጽዋ ሰላማዊ ሰውም አለቀ። ለማንኛቸውም ማዘን የሌላውን ሐዘን አይቀንስም። ከአሰብና ከዳህላክ የቀሩት መርከቦች ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወጡ። "ኢትዮጵያ" የመን ገባች፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በኋላ ጅቡቲ ገብተው የተከማቹት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በሐራጅ ወጡ። ባሕረኛው ግማሹ የመን ቀረ፤ ግማሹ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተሰደደ፤ አገር ውስጥ የነበረው ተሐድሶ ገብቶ ወጣና ወደየመንደሩ ተበተነ። ጡረታውም፣ ማዕረጉም፣ መዝገቡም የቀድሞ ሠራዊት በሚባል ጥቅል ስም ውስጥ ተቀበረ።

አንዱ እኛ ዘንድ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ቤተሰቡ ሳይፈቅድልኝ አይሆንም። ጋሼ እንለው ነበር። የመርከብ ሞተረኛ ነበር፤ እዚህ ቡና መፈልፈያና ጄኔሬተር ይጠግን ነበር። የቡና ወራት ሲገባ፣ ጀንፈሉ ከየገጠሩ ሲጎርፍና ሞተር በየቦታው ሲበላሽ፣ ጋሼን የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ደጅ አይጠፋም። ሞተሩን ሳይከፍት ጆሮውን አዘንብሎ አዳምጦ የቱ ጋ እንደታመመ ያውቃል። ስለ ባሕር ግን ካልጠየቁት አያወራም፤ ሲያወራም ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ ሙቀቱ ነበር፤ ምጽዋ በሐምሌ፣ ከወለሉ በታች ባለው የሞተር ክፍል ውስጥ። እኛ ዝናቡ አላባራ ብሎን ስናማርር እሱ ደስ ብሎት በረንዳ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ሲሞት እድሩ የሚገባውን ሁሉ አደረገ። ንጋት ላይ ጡሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተጣለ፤ ወጣቱ መቃብር ቆፈረ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ከእገሌና ከእገሊት ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ "በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ አገልግሎ"፣ ትዳር መሥርቶ፣ የእነ እገሌ አባት ሆኖ። ያን ሁሉ የባሕር ዘመን የያዘችው ያቺ አንዲት ሐረግ ናት። የትኛው መርከብ? የትኛው ኮርስ? አብረውት የነበሩት እነማን ናቸው? የጻፈው ልጁ አያውቅም፤ ማንም ነግሮት አያውቅም። እድር ሰውን ከነጎረቤቱ ያውቃል፤ ከነመርከቡ እንዲያውቀው ግን ማንም አላገዘውም። የተባረረም ይሁን የተሸነፈ፣ መንግሥት ያላከበረውን አገልግሎት ቤተሰብ በቀብር ላይ ዝርዝሩን ለማንበብ ያፍራል ወይም ይፈራል። ለረጅም ጊዜ "የደርግ ወታደር" መባል ራሱ ስድብ ነበር።

ወዳጄ ሚዛንን ከባሕር ምን አገናኘው ላለኝ አንድ መልስ አለኝ፤ ቡና። የኛ አካባቢ ቡና ከውኃ ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። ከጎሬ በኩል ያለው ቡና በበቅሎና በአህያ ጋምቤላ ወርዶ በክረምት ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም የሚሄድበት ዘመን ነበር፤ የጋምቤላ የንግድ ወደብ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ እስከ ሱዳን ነፃነት ድረስ በእንግሊዞች እጅ ሠርቷል። በኋላ የቴፒና የበበቃ ቡና እርሻዎች ሲስፋፉ ምርቱ አዲስ አበባ ገብቶ በአሰብ በኩል ይወጣ ነበር፤ ወደ ጅቡቲ ጠቅልሎ የዞረው ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ነው። ቡናችን በአሰብ በኩል ባሕር ሲሻገር፣ ባሕር ኃይሉ እስኪበተን ድረስ ጠረፉን የሚጠብቁት ጋሼና መሰሎቹ ነበሩ። እኛ የቡናውን ዋጋ ስንጠይቅ ኖርን እንጂ መንገዱን ማን እንደጠበቀ አልጠየቅንም።

አሁን ደግሞ የባሕር በር ወሬ በየቤቱ ነው። ባሕር ኃይሉም እንደገና እንዲቋቋም ተወስኖ በ2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የድጋፍ ስምምነት ተፈርሟል። በዚህ ላይ የሰው አስተያየት የተለያየ ሊሆን ይችላል፤ የኔም ለብቻው ሰፊ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ስለ ቀይ ባሕር ሌት ተቀን የሚያወራ አገር፣ ቀይ ባሕር ላይ ያረጁ ልጆቹን ስም ካልያዘ ወሬው ባዶ ነው። አዲሱ ባሕር ኃይል ከዩኒፎርሙ ቀለም ይልቅ የአሮጌውን የሰው መዝገብ ፈልጎ ቢያገኝ እመርጣለሁ። ከዚያ መዝገብ ውስጥ የአሥመራና የምጽዋ ልጆችም ይወጣሉ፤ ዛሬ የሌላ አገር ዜጎች ቢሆኑም በአንድ መርከብ ላይ አብረው የበሉ ናቸውና ስማቸው አይቆረጥ።

እስከዚያ እኛ የምንችለው አለ። ሚዛን፣ አማን፣ ቴፒ፣ ማሻ፣ ቦንጋ ያላችሁ፣ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ የባሕር ኃይል ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት። ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የተቀጠረበት ዓመት፣ ያገለገለበት መርከብ ወይም ጣቢያ፣ ሙያው፣ አብረውት የነበሩ ሰዎች። ሞቶም ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ፎቶግራፍ ገልብጡት፤ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ተጽፏል። በሁለት ቅጂ ጻፉት፤ አንዱን ለልጆቹ፣ አንዱን ለእድሩ ጸሐፊ ስጡ። የእድር ጸሐፊዎችም እባካችሁ፣ ቀጣዩ የባሕረኛ ቀብር ሲመጣ "በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ አገልግሎ" በምትለው ሐረግ አትለፉት፤ የመርከቡን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቀጠሩት ዛሬ ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው።