ከአንጎል ባንኩ ደጃፍ

አክስቴ ከአገሬ ከለጋምቦ፣ ከአቀስታ ደውላ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ፣ «የሰው ጭንቅላት ይከፍታል አሉኝ፤ እውነት ነው ልጄ?» አለችኝ። እኔ አልከፍትም፣ ሌሎች ያወጡትን ነው የማየው ብላትም አልተጽናናችም። አልፈርድባትም። ጀናዛ አያድርም እየተባለ ያደግሁት እኔም አምስተርዳም ስመጣ የደነገጥኩት በዚሁ ነው።

እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚሠራ የአንጎል ባንክ አለ። ሰዎች በቁማቸው፣ ስሞት አንጎሌን ለምርምር ውሰዱት ብለው ፈርመው ይመዘገባሉ። ጤነኞችም ይመዘገባሉ፤ የታመመው የሚታወቀው ከጤነኛ ጋር ሲተያይ ነውና። ሰውየው ሲያርፍ ቤተሰቡ ይደውላል፣ አንጎሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ አስከሬኑ ለቀብር ይመለሳል። እንባው ሳይደርቅ ለማያውቀው በሽተኛ ብሎ ስልክ የሚያነሳ ሰው! ፈረንጅ ጎረቤቱን አያውቅም ሲባል ሰምቼ ነበር የመጣሁት፤ ከእንግዲህ ያንን አባባል አልደግመውም።

ስለ ኑሮው ለምትጠይቁኝ፦ እዚህ ዶክትሬት ውል ተፈርሞ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። የሚያስመርረው ቤት ነው። አከራዩ በአድራሻው እንድትመዘገብ ካልፈቀደ የመታወቂያ ቁጥር ማግኘት ይቸግርሃል፤ ያለ ቁጥሩ ደግሞ ደሞዙም ባንኩም ጣጣ ነው። ብርዱ ለለጋምቦ ልጅ ብርድ አይባልም።

የማጠናው ጡንቻን የሚያዙ ነርቮች ለምን እንደሚሞቱ ነው። እነዚህን ነርቮች በሚገድለው ሕመም ያረፈ ሰው ሕብለ ሰረሰር በስሱ ተቆርጦ ሰማያዊ ቀለም ሲነከር፣ ጤነኛው ክፍል ቀለሙን ይጠጣል፤ ከአንጎል የሚወርደው መስመር የሞተበት ግራና ቀኙ ገርጥቶ ይቀራል። ያንን ባየሁ ጊዜ ፊቴ ድቅን ያለው በልጅነቴ ገበያ ላይ የማየው ሰው ነው፤ በምርኩዝ፣ በጣቶቹ ጫፍ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ የሚራመደው። ጓያ ሰብሮት ነው ይሉ ነበር፤ ጓያም የሚጎዳው ያንኑ መስመር ነው።

ከጎረቤታችን ከተንታ ማዶ፣ የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ባለው ደላንታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 በነበረው ወረርሽኝ ከ2000 በላይ ሰው በጓያ ተሰብሯል። ድርቁ ሌላውን እህል ሲያጠፋው ጓያ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ሕዝቡም እሱኑ በላ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ የሚያሰጋው እሸቱ፣ ንፍሮውና ቆሎው ነው፤ እንጀራውና ሽሮው ያን ያህል አያሰጋም፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉም ጉዳቱን ይቀንሳል። እኛ ዘንድ ግን ጥፋተኛው እንፋሎቱ ነው፣ ገለባው ነው ይባላል። እናት ከድስቱ እንፋሎት ስትሸሽ ልጇ ንፍሮውን ይዘግናል። ይህ ያንገበግበኛል።

በጓያ የተሰበረ ሰው ሕብለ ሰረሰር ተመርምሮ የተጻፈበት ጊዜ ግን በዓለም ሁሉ እጅግ ጥቂት ነው። ተምረህ ኮበለልክ ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው፦ ገርጥቶ የቀረውን መስመር ማንበብ የተማርኩት እዚህ ነው። የማንንም ቀብር ላዘገይ አልፈልግም። ሲሞት ሕብለ ሰረሰሩን ለምርምር ይሰጥ እንደሆነ ግን፣ ሼኹም ቄሱም ባሉበት፣ ሰው በቁሙ ይጠየቅ፤ እምቢ ካለም መብቱ ነው።

ለወንድሜ፣ ጓያ ስትቀቅሉ ገብስ ቀላቅሉበት ብለው፣ «ገብሱ ካለማ ጓያውን ማን ይቀቅላል?» አለኝ። እውነቱን ነው። መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዝርያ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቋል። ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ዘሩ ከየት እንደሚገኝ ደሴ ላይ እንዲያጠያይቅልኝ ነግሬዋለሁ፤ ዋጋውን እኔ እልካለሁ።