ዳንግላ እና ቆንስሉ

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ ለማስታወሻ የሚበቁት ብርዱና አፋቸው በሣር ተወትፎ አስፋልቱ ዳር የተደረደሩት የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ጆንያዎች ብቻ ናቸው። ዳንግላ ላይ ግን ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን ሐሳቤን ያዘው። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እዚህ ተቀምጧል። የዳንግላውን ቆንስላ ባርነትን የሚዋጋ ምሽግ አድርጎ ማሰብ ያጓጓል፤ ለእኔ ግን አይዋጥልኝም። ቺዝማን የጣናን ዳርቻ ዞሮ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ ያነሣ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው መጽሐፍም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ነው። ምክንያቱ አይጠፋም። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ እንግሊዝና ሱዳን ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚገታ ሥራ ላለመሥራት ቃል ገብተዋል፤ የሱዳኑ የገዚራ ጥጥ ደግሞ ያለዚያ ውሃ አይበቅልም።

«እንግሊዞች ከድንበር ስለ ባሪያ ንግድ ይልኩት የነበረው ሪፖርትስ?» የሚል ይኖራል። እሱ ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ዋናው መከራከሪያ ባርነት ነበር፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ በዚያው ዓመት መጋቢት የነጻነት ዐዋጅ ሲያወጡ የውጭው ጫና ገፍቷቸዋል። ሆኖም ሪፖርቱ የሚያየው ወደ ኢትዮጵያ ወገን ብቻ ነበር፤ ገዢው ግን ሱዳን ውስጥም ነበር። የቤኒሻንጉሉ ሼክ ሆጀሌ ሚስት ሲት አምና እ.ኤ.አ. በ1928 በባሪያ ንግድ የተያዘችው በሱዳን መንግሥት እጅ ነው። ወዲህ የተፈነገለ ሰው ወዲያ ገዢ ባያገኝ ንግዱ ባልደራ፤ ወዲያ ደግሞ የእንግሊዝ ባንዲራ ይውለበለብ ነበር።

ይህን ስል የደጋውን ሰው ነጻ ማውጣቴ አይደለም፤ ቆንስሉን ማወደስም ሆነ መርገም የራስን ጉድ መሸሸጊያ ይሆናል። ከዳንግላ ወደ ምዕራብ ምድሩ ወደ በለያና ወደ መተከል ቆላ ሲወርድ ያለው የጉሙዝ አገር ነው፤ ሲፈነገሉ የኖሩትም እነሱ ናቸው። ፈንጋዩ ከደጋም ከሱዳን በኩልም ይመጣባቸው ነበር። የነሱ ታሪክ ሳይነገር የቆንስሉ ቤት ቢታደስ ምን ያደርጋል? ባርነትን ጨርሶ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፤ ቺዝማን ዳንግላን ከለቀቀ ስምንት ዓመት ግድም አልፎ።