ሁለቱ ሰንበት በሮማ ከተማ

በኢጣልያ አገር በትምህርት ላይ ያለ ኢትዮጵያዊ የሳምንቱ ትምህርት ዐርብ ማታ ሲፈጸም፣ ቅዳሜና እሑድን በሮማ አሳልፎ ለሰኞ ትምህርቱ መመለስ ይችላል። እኔ ከምማርባት ከፔሩጃ ከተማ እስከ ሮማ ያለው መንገድ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ይሁን እንጂ ሮማ ለእኛ ሕንፃዋን አድንቀው ብቻ የሚመለሱባት ከተማ አይደለችም። ለክርስቲያን ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ጳውሎስ በሰማዕትነት ያረፉባት ናት፤ ለኢትዮጵያዊ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. በአገሩ ላይ የዘመተው ጦር የታዘዘባት ናት። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ልብ ይዞ በመንገዶቿ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም።

ባቡሩ ተጓዡን ቴርሚኒ ከሚባለው ጣቢያ ያወርደዋል። በጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶ የተባሉትም ራስ አሉላ በጥር ወር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ ድል ያደረጓቸው የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ሮማን ሲረግጥ መጀመሪያ የሚቀበለው የገዛ አገሩ ታሪክ ነው፤ የተጻፈው ግን በተሸናፊው ወገን እጅ ነው። ከጣቢያው ጥቂት ዕልፍ ብሎ ባለው የአትክልት ስፍራ የእነዚሁ ወታደሮች መታሰቢያ ቆሟል። ድንጋዩ በግብፅ ንጉሥ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን የተጠረበ ሐውልት ነው። የሰው አገር ሊይዙ ሄደው ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያው ደግሞ ከሌላ ሰው አገር የመጣ ድንጋይ መሆኑን ልብ ይሏል።

በፋሺስት ዘመን ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ምስል ከዚሁ ሐውልት ሥር ተቀምጦ ነበር። በሰኔ ወር 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለው የኤርትራ ተወላጅ በአንበሳው ፊት ተንበርክኮ ጸለየ፤ ሊያስነሡት የመጡትንም በሰይፍ ተከላከለ። ከተያዘ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1937 ዓ.ም. ድረስ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ተዘግቶበት ኖረ። አንበሳው ወደ አገሩ ተመልሷል። ዛሬ በስፍራው ሰዎች አውቶቡስ ይጠብቃሉ፣ ሕፃናትም ይጫወታሉ።

ስለ ኮሎሴዎም ብዙ አልጽፍም፤ ሮማን ያየ ሁሉ ይተርከዋል። ከእርሱ አጠገብ ያለው የቲቶ የድል በር ግን ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ የበለጠ የሚናገር ነው። እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌም ስትጠፋ ከቤተ መቅደሱ የተማረከው ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በወታደሮች ትከሻ ላይ ሆኖ ሲሄድ በድንጋዩ ተቀርጾ ይታያል። የሌላውን ሕዝብ የተቀደሰ ነገር አምጥቶ በከተማ መካከል ማሳየት ለሮማ የቆየ ልማድ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚያ በእግር ጥቂት ሲሄዱ ፖርታ ካፔና ከሚባለው አደባባይ ይደረሳል። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ከአገሩ ተወስዶ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ የተተከለው በዚህ ነበር። ኢጣልያ የዘረፈችውን እንድትመልስ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ብትገደድም፣ ሐውልቱ 24 ሜትር ቁመቱን ይዞ ከዚያ በኋላ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ በስደት ቆየ። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በአክሱም ቆሞ ተመረቀ። አሁን በአደባባዩ ሌላ መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ዐምዶች አሉ። ሌሎች መንገደኞች ፎቶግራፍ የሚያነሡት ያለውን ነገር ነው፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ግን በዚያ ስፍራ ባዶውን አየር በደስታ እንመለከታለን።

ጊዜው ጾመ ሐዋርያት ነበር። የሮማ ሰዎች የጴጥሮስና የጳውሎስን በዓል ከእኛ ሐምሌ 5 ቀን በ13 ቀን ቀድመው ስለሚያከብሩ፣ እነርሱ በዓላቸውን ፈጽመው እኛ ገና በጾም ላይ ነበርን። ልጃቸው በባዕድ አገር ጾሙን እንዴት ይጾማል ብለው ለሚጨነቁ እናቶች ይህን ልንገራቸው፤ «ማሪናራ» የተባለው ፒሳ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። ዋጋውም ለተማሪ ኪስ አይከብድም።

እሑድ ጠዋት በሮማ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ጋር አስቀድሰን፣ ከቀትር በኋላ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሕንፃ ሄድን። እስከ ጉልላቱ ጫፍ 551 ደረጃ ነው። ከላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲመለከቱ፣ ከታላቁ ሕንፃ ጀርባ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። «ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ» ይሉታል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ማረፊያ ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ ስለማይገባበት ጣሪያውን ብቻ አየን።

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን የሚደገመው መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1513 በዚህችው ከተማ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ ቋንቋውን የተማረው በሮማ ከነበሩ የአገራችን መነኮሳት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1548 እስከ 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አታሚዎቹ ግዕዙን ማንበብ፣ መነኮሳቱም የማተሙን ሥራ አያውቁም ነበርና ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። አባ ተስፋ ጽዮን መቃብራቸውም በዚያው በትንሹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

የመጡትም ከደብረ ሊባኖስ ገዳም ነበር። በ1929 ዓ.ም.፣ የአክሱም ሐውልት ወደ ሮማ በተወሰደበት በዚያው ዓመት፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በግንቦት ወር፣ ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አስገደለ። ራሱ ለሮማ ባስተላለፈው ቃል 297 መነኮሳት ብሎ ቈጥሯል፤ የሟቾቹ ቍጥር ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን በኋላ የተደረገው ጥናት አሳይቷል። የገዳሙ ልጅ ወንጌልን ያሳተመባት ከተማ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ይህን ወሬ በቴሌግራም ተቀበለች።

ከጉልላቱ ላይ አብረውን የቆሙት ጎብኚዎች የአደባባዩን ውበት ወደሚያሳየው ወደ ምሥራቁ ወገን ይጋፉ ነበር። በምዕራቡ በኩል ቦታው ሰፊ ነበርና እኛ ከዚያው ሆነን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን።