ከጣርማበር ቁልቁል

«ረዳቱ ፍሬኑን ከልክ በላይ አጥብቆት ነው» አልኩ። ባለንብረቱ የተቃጠለውን የፍሬን ሸራ በእጁ ይዞ መልሴን እየጠበቀ ነበር። ውሸቱን አስቀድሜ አላሰናዳሁትም፤ አፌ ላይ መጣልኝ። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። የመጣልኝ ልማድ ስለነበረኝ ነው። በእኛ ዘመን መንገድ ላይ የተበላሸ ነገር ሁሉ በረዳት ይሳበብ ነበር፤ እኔም ረዳት ሳለሁ ብዙ ተሳብቦብኛል።

ጊዜው የ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የምነዳት መኪና ፊያት 682 ኤን3 ነበረች፤ ኤንትሬ የምንላት። ፊያት 682ን መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው፤ የኔዋም እጄ እስክትገባ ብዙ ሹፌር ተፈራርቆባታል። ማርሽ የሚገባላት በጆሮ ነው። ለመቀነስ ፍሪሲዮን ረግጠህ ማርሹን ፎሌ ታወጣለህ፣ ማለትም ከየትኛውም ማርሽ ነፃ ታደርገዋለህ፤ ፍሪሲዮኑን ለቀህ ነዳጅ ትሰጣለህ፤ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል እንደገና ረግጠህ ታስገባለህ። ፍጥነቱና ድምፁ ካልተስማሙ ካምቢዮው ይንገጫገጫል እንጂ አይቀበልህም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፎሌ ያወጣ ሰው፣ መኪናዋ አንዴ ከፈጠነች፣ ማርሹን መልሶ አያገኘውም። ይህን አውቅ ነበር። ለረዳቶቼም፣ ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ እያልኩ አስተምር ነበር።

ያን ቀን ከወንጂ ስኳር ጭነን ወደ ደሴ እየሄድን ነው። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ረዳቴ ፍሬኑን አጠበቀ። እያንዳንዱን ጎማ በክሪክ አንስቶ በእጁ ያሽከረክራል፤ ሸራው ታምቡሩን ነክቶ ጎማው ሲከብድበት ያቆምና ጥቂት ወደኋላ ይመልሳል፤ ደግሞ ያሽከረክራል። ሻይ ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነው ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። አልነገርኩትም።

ጣርማበር፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ያለበት ቦታ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዋሻውን እንዳለፍን ፎሌ አወጣኋት። ደብረ ሲና ሳንደርስ የሸራው ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሸራው ይሸሸዋል፤ ፔዳሉን ብትረግጥም ፍሬኑ አይይዝልህም። ረዳቴ ታኮውን ይዞ በሩን ከፍቶ ለመዝለል ተዘጋጅቶ ነበር። በስተመጨረሻ መኪናዋን ከተራራው ወገን ባለ የአፈር ቁልል ላይ አስደግፌ አቆምኳት። ሰው አልተጎዳም። ጎማዎቹ ይጨሱ ነበር።

ለምን ፎሌ አወጣሁ? ለረጅም ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ናፍጣ ለማትረፍ የሚል ነው። የተረፈችውን መሸጥ ያኔ ያልተለመደ አልነበረም፤ እኔም ልጆች ነበሩኝ። ይህ ምክንያት ጥፋቴን የድሃ አባት ጥፋት አድርጎልኝ ቆየ። ኋላ አንድ ፖምፓ ሠሪ ነገሩን ገለጠልኝ። ማርሽ ውስጥ እያለህ እግርህን ከነዳጁ ላይ ስታነሳ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ነው፤ ፖምፓውም ናፍጣውን ይዘጋዋል። ፎሌ ስታወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ያጠጣዋል። ያተረፍኩት ጠብታ የለም ማለት ነው። ምክንያቱ ሲወድቅብኝ ከሥሩ የቀረው ሌላ ነበር፦ ከኋላ የሚመጣ ጓደኛዬን ቀድሜ ሸዋ ሮቢት ምሳ ልቀመጥ ፈልጌ ነበር። ምናልባት እሱም ሙሉው አይደለም። ረዳቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያደንቀኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ውሸቴ ረዳቴ ተባረረ። ደመወዙም ለሸራው ተያዘበት። ከግቢው ሲወጣ ወደኔ መጥቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛውን ጎማ ነው በጣም ያጠበቅኩት?» የተበደለ ሰው ቁጣ ብጠብቅም እሱ አምኖኝ ነበር። ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ባለንብረቱ ይሰማል ብዬ። ባይሰማም ኖሮ የምናገር አይመስለኝም።

ዓመታት አልፈው ናዝሬት ውስጥ ጎማ ላስጠግን ስገባ አገኘሁት። የራሱ ጎሚስታ ቤት ነበረው። እኔን ሲያይ ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሻይ አስመጣ። የኔን ጎማ ራሱ መለሰ፤ ቡሎኖቹን አጠበቀ፤ ከዚያ አንድ ልጅ ጠርቶ፣ «እስቲ አንተ እየው» አለው። ልጁ አየ። እንደገና እንዲያይ አደረገው። ትክ ብዬ እንደማየው ሲያይ፣ «ከዚያን ቀን ወዲህ እጄን አላምነውም፣ ጋሼ። እርስዎን ላስፈጅዎት ነበር እኮ» አለኝ።

እኔም፣ «ተወው፣ አለፈ» አልኩት። ይቅር አልኩት። በራሴ ጥፋት ይቅር ባይ ሆኜ ሻዩን ጠጣሁ፤ ገንዘቤንም አልቀበል ሲል አመስግኜ ወጣሁ። የሠራሁት ነገር ሙሉ በሙሉ የገባኝ ያኔ፣ ዋናውን መንገድ ስይዝ ነው። ሥራውን ብቻ የወሰድኩበት መስሎኝ ኖሬያለሁ፤ ለካ የገዛ እጁንም ነው የወሰድኩበት። መኪናዋን ግን አላዞርኩም። አክብሮቱን መልሶ እንዳይወስድብኝ ፈራሁ፤ የኔ ያልሆነውን አክብሮት።

ቆይቼ ልነግረው ስሄድ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል፤ የት እንደሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ቢደርስህ፣ የጻፍኩት ይቅር እንድትለኝ አይደለም፤ ልታውቀው የሚገባህን እንድታውቅ ነው። የትኛውንም ጎማ ከልክ በላይ አላጠበቅክም። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ በአንድ ስታሽከረክራቸው አጠገብህ ቆሜ አይቻለሁ፤ ሁሉም ልክ ነበሩ። ፎሌ ያወጣሁት እኔ ነኝ።